ሁለት ሕዝብ በአንድ ካርቶን

አለቃዬ የነበረው ሰውዬ ሦስት በደል በድሎኛል። አንደኛ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በእጄ የጻፍኩትን የቅርስ መዝገብ ይዞ አዲስ አበባ ስብሰባ ሄደና የራሱ አስመስሎ አነበበው። ሁለተኛ፣ ከውጭ አገር እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ሻይ እዘዢልን» ብሎ ያስነሳኝና ወንበሬ ላይ ሾፌሩን ያስቀምጥ ነበር። ሦስተኛው የዳምቦያው ካርቶን ነው፤ ይህን እንድጽፍ ያደረገኝም ካርቶኑ ነው። ሰውዬውን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን እሱ ብዬ መጻፍ መብቴ ነው።

ሆሳዕና ውስጥ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቅርስ መዝጋቢ ነበርኩ። ከበሮ፣ ጦር፣ ጋሻ፣ ከገበሬ እርሻ የወጣ ሸክላ፣ ሁሉም በእጄ አልፎ ቁጥር ይሰጠዋል። እሱ የክፍሉ ኃላፊ ነበር። አባቱ ከሰሜን የመጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበሩ የድሮ ሰዎች እስከ ዛሬ «የጸሐፊው ልጅ» ይሉታል፤ የተወለደው ግን እዚሁ ነው፣ ሀዲይኛም አቀላጥፎ ሲናገር ገበያ ያሉ ሴቶች ዞር ብለው ያዩታል። ረጅም ነው፤ በበጋም ጃንጥላ ይይዛል፤ ከኪሱ ቆሎ አይጠፋም። ሲያስብ ቆሎውን አንድ በአንድ ይበላል፣ ሲናደድ በእፍኝ። ይህን በመጀመሪያው ወር ስለደረስኩበት ከዚያ በኋላ ፊቱን ማየት አላስፈለገኝም።

እኔን «የሾኔዋ» ይለኛል። ስቀጠር በሞላሁት ፎርም ላይ የትውልድ ቦታዬን ሾኔ ብዬ ስለጻፍኩ ነው። ሾኔ አልተወለድኩም። ሾኔን ያየሁት ካገባሁ በኋላ፣ ለገበያ በሄድኩ ጊዜ ነው። የተወለድኩት ዳምቦያ አካባቢ ነው። ለምን እንደዋሸሁ ቆይቼ እናገራለሁ፤ እስከ ዛሬም ለመናገር ቸኩዬ አላውቅም።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ፣ በእኔ ቦታ የተተካችው ባለሙያ ደወለችልኝ። ጥሩ ልጅ ናት፤ ልጅ ስል የሁለት ልጆች እናት ናት።

«እማማ፣ የኤግዚቢሽን ክፍላችን ሊከፈት ነው» አለችኝ። «የዳምቦያው ካርቶን መግቢያው ላይ መስታወት ውስጥ ይቀመጣል። ጽሑፉ ዓርብ ለማተሚያ ቤት ይሰጣል። ከድሮው አለቃዎ ከጋሼ ጋር መጥታችሁ አንዴ እዩልኝ።»

«ጽሑፉ ምን ይላል?»

«ያው የድሮው ነው። በአንድ ቦታ ላይ ተከታትለው የኖሩ ሁለት ሕዝቦች፤ ከታች የጥንት የድንጋይ መሣሪያ ሠሪዎች፣ ከላይ ኋላ የመጡ ሸክላ ሠሪዎች።»

እመጣለሁ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ካርቶኑ መጋዘን ውስጥ አቧራ እስከለበሰ ድረስ ስህተቱ የእሱ፣ ዝምታው የእኔ ሆኖ መኖር ይችል ነበር። አሁን ግን የትምህርት ቤት ልጆች ደብተራቸው ላይ ሊገለብጡት ነው። እስከ ዓርብ ካልተናገርኩ መቼም እንደማልናገር ገባኝ።

ነገሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንዲት የውጭ አገር ተመራማሪ ለሁለት ሳምንት መጣች። አጭር ናት፤ ጫማዋ ከእሷ የሚከብድ ይመስላል፤ የእጇ ቆዳ እንደ ገበሬ እጅ ተሰነጣጥቋል። ዕድሜዋን ያሳለፈችው በሩቅ ሰሜን፣ በረዶ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ መሬቱን በሚሸፍንበት የጥድ ደን አገር ስትቆፍር ነው። አማርኛ ስለማታውቅ እሱ ይተረጉምላታል። እኔ እንግሊዝኛውን እሰማለሁ እንጂ ለመናገር አፍራለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ ገበሬ እንሰቱ ሥር እግሩን የቆረጠውን ጥቁር ስለታም ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልሎ ቢሮ አምጥቶ ነበር። ባልጩት ነው። አለቃዬ ዓይኑ በራ፤ መኪና ተነሳ። ዳምቦያን አልፈን ከዋናው መንገድ ታጠፍን። ሁለተኛውን ወንዝ ተሻግረን ስንደርስ የት እንደደረስን ከማንም በፊት አወቅኩ። የአያቴ ጓሮ ነበር።

ቤቱ የለም። አያቴ ከሞተና እኛም ከተበተንን በኋላ ጎረቤት እንሰቱን አስፋፍቶ ግቢያችንን ውጦታል። ከድሮው የቀረው የበሩ ኮሶ ዛፍ ብቻ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ተመልሼ ስላልሄድኩ ፊቴን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«በባዶ እግራችሁ እንዳትገቡ!» አልኳቸው ለቆፋሪዎቹ፣ መኪናው ገና በደንብ ሳይቆም።

«ለምን?» አለ እሱ።

«እሾህ ይኖራል።»

ቆሎውን አንድ በአንድ እየበላ አየኝ።

አሁን ልናገረው። አያቴ ቆዳ ፋቂ ነበር። በእኛ አገር ወንዱ ቆዳ የሚፍቅ፣ ሴቷ ሸክላ የምትሠራ ቤተሰብ ምን ተብሎ ይጠራ እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ስሙን እኔ አልጽፈውም። የጎረቤት ደጃፍ አናልፍም ነበር። ለቅሶ ቤት ለብቻችን እንቀመጣለን፤ የጠጣንበት ቅል እኛ ስንወጣ ይሰበራል። አያቴ በፋቀው ቁርበት ላይ ግን ሰው ሁሉ ይተኛል፣ እናቴ በሠራችው ድስት ሰው ሁሉ ይበላል። ሾኔ ብዬ የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው። ፎርሙን ሲያዩ ዳምቦያ የማን ልጅ ነሽ እንዳይሉኝ።

አያቴ ቆዳውን እንጨት ላይ ይወጥርና ባልጩት የተተከለበትን እጀታ በሁለት እጁ ይዞ ይፍቃል። ስለቱ ሲደነዝዝ በትንሽ ብረት ጠርዙን መታ መታ ያደርገዋል። ፍርፋሪው የሚወርደው እኔ ከሥር በያዝኩት ገበቴ ላይ ነው፤ ያ የእኔ ሥራ ነበር። አንዲት ፍንጣሪ ከገበቴው ውጭ ብትወድቅ ሁሉን ነገር ያቆማል። ሁለታችንም ተንበርክከን ሣሩን እየገለጥን እንፈልጋታለን።

«ሰው ይረግጣታል» ይላል።

አንድ ቀን ጉልበቴን ሲያመኝ ተናደድኩ። «ይርገጧት! ቤታቸው አያስገቡንም አይደል?»

«እግራቸው ምን አደረገን?» አለኝ አያቴ፣ ከሣሩ ላይ ቀና ሳይል።

ገበቴው ሲሞላ ከቤቱ ጀርባ፣ ሰውም ከብትም በማይደርስበት ጥግ፣ ለዚሁ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ እደፋዋለሁ። የእናቴም የተሰበረ ሸክላ የሚጣለው እዚያው ነው። እንግዳዋና አለቃዬ በሜትር እየለኩ፣ በብሩሽ እየጠረጉ የከፈቱት ይህን ጉድጓድ ነበር።

በእርግጥ ጉድጓድ መሆኑ አይታይም ነበር። እንሰት አንዴ ተተክሎ እንደሚቀር ዛፍ አይደለም። ችግኙ አድጎ ይነቀላል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል፣ እንደገና ተነቅሎ ይተከላል፤ በተተከለ ቁጥር እስከ ጉልበት ይቆፈራል፣ በየዓመቱም አዛባና አመድ ይደፋበታል። አፈሩ ጥቁርና ጥልቅ የሚሆነው በሰው እጅ ነው። በዚያ ሁሉ መገለባበጥ ትንንሹ ባልጩት ወደ ታች ሰርጓል፣ ትልልቁ የሸክላ ስባሪ ወደ ላይ ወጥቷል። እሱ ግን ሜትሩን ዘርግቶ «ተመልከቱ፣ ይህ ሁሉ አፈር ለመከማቸት ስንት ሺህ ዓመት ይፈጃል!» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ የበላው ቆጮ ከገበያ የተገዛ ነው፤ አንድ እንሰት ተክሎ አያውቅም። እንግዳዋም እንሰት ያየችው ገና በዚያ ሳምንት ነው፤ ሙዝ መስሏት ፍሬው የት አለ ብላ ጠይቃለች። የሚያውቀው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለ እንሰቱ ብናገር ስለ ጉድጓዱ ልጠየቅ ነው፤ ስለ ጉድጓዱ ብናገር የማን እንደነበር ልጠየቅ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ኮሶው ሥር ዳቦና አቮካዶ እየበላን እንግዳዋ ስለ በረዶ አገሯ አወራች። እዚያ አፈር የለም ማለት ይቻላል አለች። በቅዝቃዜው ምክንያት ቅጠል ቶሎ በስብሶ አፈር አይሆንም። ያለው ጥቂት አፈርም አጥንት ይበላል፤ ብርዱ ደግሞ መሬቱን እያሳበጠ ድንጋዩን ከቦታው ያነሳዋል። ስለዚህ ብዙ ሺህ ዓመት በአንድ መዳፍ ውፍረት ውስጥ ተጣብቆ ይገኛል። እሷ የቆፈረችው አንድ የወንዝ መሻገሪያ ነበር፤ አጋዘን የሚመስሉ የብርድ አገር እንስሳት በየዓመቱ በመንጋ የሚሻገሩበት። መጀመሪያ ረጃጅም የጦር ጫፍ የሚሠሩ አዳኞች መጡ። እነሱ አልፈው፣ ብርዱ ለቀቅ ሲል፣ ከደኑ በኩል ሌሎች መጡ፤ የእነዚህ የጦር ጫፍ ወፈር ያለ፣ ጎንና ጎኑ የተነከሰ ነው። ብርዱ እንደገና ሲጠና ዛፍ ከሌለበት ከሰሜን ጥፍር የሚያካክል ቀጭን ስለት የሚሠሩ ወረዱ። ከእነሱም በኋላ ሌሎች። ሁሉም እዚያው መሻገሪያ ላይ አደፈጡ፣ ያንኑ እንስሳ በሉ። ጥልቀት ስለማይረዳት የምትለያቸው በድንጋዩ ዓይነት፣ በአፈላለጡ፣ በእጅ ልማዳቸው ነው።

«ይጠይቁልኝ» አልኩት። «አንድ ሰው ለአንድ ሥራ አንድ ዕቃ፣ ለሌላ ሥራ ሌላ ዕቃ ቢይዝስ? ሁለት ሕዝብ መሆናቸውን በምን ታውቃለች?»

«ተይ እስቲ የሾኔዋ፣ ሴትየዋ ምሳዋን ትብላ።»

እንግዳዋ ግን ምን አለች ብላ ያዘችው። ሲነግራት ዳቦዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አንድ ጊዜ ተሳስቼ ነበር አለች። መሻገሪያው ላይ ሁለት ዓይነት ቢላዋ አግኝታ የሁለት ሕዝብ ናቸው ብላ ጻፈች። ቆይቶ በሌላ ሰፈር፣ በአንድ የእሳት ቦታ ዳር፣ ሁለቱ አብረው ተገኙ፤ የተፈለጡትም ከአንድ ድንጋይ ነበር። አንዱ ለሥጋ ነው፣ ሌላው ለቆዳ።

«አንዲትን ሴት ለሁለት ሰንጥቄ በመካከሏ ብዙ መቶ ዓመት አስገብቼባት ነበር» አለችና ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ይህን ለመጠየቅ እንዴት አሰብሽ?»

«እንዲሁ ነው» አልኩ። እሱ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመው።

ከመሄዷ በፊት፣ እርግጠኛ አይደለሁምና አፈሩን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ አለችው። አፈሩን የሚያውቀው ሰው አጠገቧ ቆሞ ከረጢት ላይ ቁጥር ይለጥፍ ነበር።

የወጣው ባልጩትና ሸክላ በአንድ ካርቶን ታሽጎ መጋዘን ገባ። እሱ ሪፖርቱን ጻፈ፤ አዲስ አበባ ተጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ ተማሪ በመጣ ቁጥር በጃንጥላው ጫፍ ካርቶኑን እየነካ «ከታች የድንጋይ ሰዎች፣ ከላይ የሸክላ ሰዎች» ሲል ስንት ዓመት ሰማሁት። አያቴንና እናቴን ለሁለት ሰንጥቆ በመካከላቸው ሺህ ዓመት አስገባባቸው። ደንቆሮ! እል ነበር በሆዴ። ባሌ የሞተ ጊዜ ይኸው ደንቆሮ አንድ ወር ሙሉ በየማለዳው በሬን አንኳክቶ፣ መዳፌ ላይ ቆሎ እያፈሰሰ ወደ ቢሮ ይሄድ ነበር። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ ያለች ካፌ ሄድኩ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጦ ነው አውቶቡስ ሲሞላ የሚያየው። ረዳቶቹ «አዲስ፣ አዲስ፣ አዲስ!» «ዱራሜ አንድ ሰው!» ይላሉ። ማኪያቶው ውስጥ ሦስተኛውን ስኳር ሊጨምር ሲል ደረስኩና ሳህኑን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«የሾኔዋ! አለሽ እንዴ?»

«እርስዎን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ?»

«ስኳሩን መልሺ።»

«ሐኪሙ ምን አለዎት?»

«ሐኪሙ ሕፃን ነው። ጢም እንኳ የለውም።» ዓይኑ ደክሟል፤ ቢሆንም ጭኔ ላይ ያለውን ፌስታል አየው። «ምን ይዘሻል?»

«ቢሮ ስንደርስ ያዩታል።»

ባጃጅ ያዝን። መንገዱን ሁሉ ለሾፌሩ ስለ ሁለቱ ሕዝቦች ሲያስረዳው ፌስታሉን በሁለት እጄ ይዤ ውጭ ውጭውን አየሁ።

ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቷል። ባለሙያዋ ጽሑፉን ጮክ ብላ አነበበችልን። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደሚወደው መዝሙር፣ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት።

«ትክክል» አለ።

«ትክክል አይደለም» አልኩ።

ፌስታሉን ፈታሁ። ውስጡ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ የእንጨት እጀታ ነው፤ መሀሉ ወፈር ብሎ የባልጩት መትከያ ቀዳዳ ያለው፣ የአያቴ መዳፍ ያወዛው። ከሳጥኔ ሥር አውጥቼ ለልጆቼ እንኳ አሳይቼው አላውቅም። ከካርቶኑ አንድ ባልጩት አንስቼ ቀዳዳው ውስጥ አስገባሁት። ልክ ገባ። ከዚያ ሁሉን ነገርኳቸው፤ ጉድጓዱን፣ ገበቴውን፣ እናቴን፣ ፎርሙን። ባለሙያዋን ሳይሆን ካርቶኑን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

እሱ እጁን ኪሱ ከተተ። አንድ ፍሬ ቆሎ። ሌላ አንድ ፍሬ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«እሾህ ይኖራል ያልሽ ቀን ነው ያወቅኩት። እንሰት ሥር ምን እሾህ አለ? ቁፋሮው ሲያልቅ ገበሬውን ለብቻው ጠየቅኩት። የማን ግቢ እንደነበር ነገረኝ። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው አለኝ፣ ከአያቷ ሥር ገበቴ ይዛ የማትጠፋ።»

«ሃያ ዓመት ዝም አሉ?»

«አንቺስ?»

እሱ ቀጠለ፤ «ሪፖርቱን ላርም ብል ለምን ይሉኛል። ለምን ለሚለው መልሱ አንቺ ነሽ። ቢሮ ውስጥ ሁላችንም በዚያው ብርጭቆ ነበር ሻይ የምንጠጣው። ያን ጊዜ ማን ብርጭቆውን እንደሚሰብር አላውቅም ነበር።»

«ለእኔ ብለው ነው እንዳይሉኝ! አዲስ አበባ ሲጨበጨብልዎት ነበር።»

«እሱም ነው» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምን ያህሉ ለእኔ፣ ምን ያህሉ ለጭብጨባው እንደሆነ ለመለየት ሞክሬአለሁ። አልተቻለም። እንደ በረዶ አገሩ አፈር ሁሉም በአንድ መዳፍ ውፍረት ተጣብቋል። ሦስተኛውን በደል አልሰረዝኩለትም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱማ ይቆዩ።

ባለሙያዋ ግራ ገብቷታል። «ታዲያ እማማ፣ ይህ ሁሉ የቅርብ ጊዜ ነው ማለት ነው? መስታወቱን ባዶ ላድርገው?»

«አፍስሺው» አልኳት።

ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረገፍነውና መለየት ጀመርን። የአያቴ ባልጩት አጭር ነው፤ ጀርባው እጀታው ውስጥ እንዲቀመጥ ወፈር ተደርጓል፤ አንዳንዱ ላይ የማጣበቂያው ሙጫ እስከ አሁን ጥቁር ሆኖ ቀርቷል። ፊቱ ያበራል። ግን ሌሎችም ነበሩ፤ ረዘም ያሉ፣ ቀጭን፣ መስታወት ላይ የተነፈሱበት ይመስል የደበዘዙ። እነዚህ እጀታው ውስጥ አይገቡም። ሳያቸው ትዝ አለኝ። አያቴ ጉድጓዱን ሲያሰፋ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ያገኝ ነበር። አገላብጦ ያየዋል፣ በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል፣ ከዚያ «ይህ የእኔ እጅ አይደለም፤ የቀድሞዎቹ ነው» ብሎ መልሶ ይቀብረዋል። ማንም ያላስተማረው ሰው በመዳፉ ብቻ ለይቶ ነበር።

ይህን ስናገር እሱ ጠረጴዛውን መታ።

«አላልኩም? ሁለት ሕዝብ!»

«እርስዎ ከላይና ከታች ነው ያሉት። ከላይና ከታች የለም።»

«ሁለት አልኩ፤ ሁለት ሆነ!»

«ጋሼ፣ ሸክላውንስ?» አለች ባለሙያዋ።

«ሸክላው ከአያቷ ጋር ይሁን» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እናቷ ናት የሠራችው።»

ከምሳ በኋላም ስንለይ ዋልን። እሱ ዓይኑ አጥርቶ ስለማያይ በጣቱ እየዳሰሰ «የእናንተ፣ የእናንተ፣ የቀድሞዎቹ፣ የእናንተ» ይላል። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተሳሳተው። መጨረሻው ላይ አንዲት ቀረች። አካሏ የደበዘዘ፣ ረዘም ያለ፣ የቀድሞዎቹ ናት። ጠርዟ ግን አዲስ የተመታ ነው፤ ያበራል፤ ጀርባዋም ተጠርቦ እጀታው ውስጥ ልክ ይገባል። አያቴ አልነካም ያለውን የሰው እጅ ሥራ አንድ ቀን፣ ምናልባት ድንጋይ ያለቀበት ቀን፣ አንስቶ ሠርቶበታል።

«ወደ እናንተ» አለ እሱ።

«ወደ እነሱ» አልኩ። ከሁለቱ ክምር መሀል አስቀመጥናት።

ዓርብ ማተሚያ ቤት የሄደው አዲሱ ጽሑፍ ነው። እጀታውን አልሰጠኋቸውም፤ አውሻቸዋለሁ፣ ስፈልግ እወስደዋለሁ። ባለሙያዋ ጽሑፉን ስታዘጋጅ «የሠሪው ስም ካልተጻፈ አይሆንም» ብላ ጠየቀችኝ። የአያቴንም የእናቴንም ስም ከነአባታቸው ነገርኳት፤ የትውልድ ቦታም ዳምቦያ ብላ ጻፈች። እሱ ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየና «ፊደሉ አንሷል፣ አሳድጊው» አላት።

ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም። የፈለገ ሆሳዕና መጥቶ ያንብበው።